አሥራ አራት ቁጥር ጠርሙስ

የካቲት 3፣ ሰኞ

የማዘጋጃ ቤታችን ፕሪንተር ዛሬም በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ያወርዳል። ጠጋኙ "ነገ እመጣለሁ" ካለ ሦስተኛ ሳምንቱ። ሃያ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሃያ ሁለቱም መስመር አለባቸው። አለቃዬ አዩና "ግድ የለም፣ ጠርዝ ማን ያነባል" አሉ። የተበላሹትን እንደ ልማዴ ለእማዬ ይዤላት መጣሁ። ጀርባው ላይ የሚገዛ ነገር ትጽፍበታለች።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። ከተማው ስለ ወንዙ ብክለት ሕዝቡን የሚያነቃ ዘመቻ ጀምሯል። ነዋሪው ራሱ በየቅዳሜው ከወንዙ በጠርሙስ እየቀዳ ያስመረምራል፣ ውጤቱ ደግሞ አደባባይ ላይ ይለጠፋል። አርባ ሰው፣ አርባ ጠርሙስ፣ አርባ ቦታ። ጥሩ ነገር ነው አልኩ በልቤ... ሌላ ሰው ሲሠራው። ከዚያ አለቃዬ "በፈቃደኝነት የተመደባችሁ" ብለው ስም ማንበብ ጀመሩ። ስሜ አለበት። ማን ፈቀደ? መጠየቅ ፈራሁ።

ቁጥሬ አሥራ አራት። ቦታዬ ከጨርቅ ቀለም ነካሪው ቤት ጀርባ።

ለእማዬ ስነግራት መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች። "አንቺ? ውሻ ሲያዛጋ የምትሮጪው?" በሰባ ስምንት ዓመቷ ከእኔ ትደፍራለች። "ፈሪ ለእናቱ" ትለኛለች ሁልጊዜ። ከልጆቿ እሷ ጋ የቀረሁትም እኔ ብቻ ነኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሥልጠና። አስተባባሪዋ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ያለ ማይክ አዳራሹን ይሞላል። ሁላችንንም "ጀግኖቼ" ነው የምትለን። ከቀዳን በኋላ ቁጥር፣ ሰዓትና ቦታ ጽፈን እንፈርማለን። ግድግዳው ላይ በትልቁ "ጠርሙሱ አይዋሽም" የሚል ተሰቅሏል።

እጄን አወጣሁ። ቀለም ቤቱ አካባቢ ውሾች አሉ ይባላል... አልኩ። "ታዲያ ጀግናዬ፣ ውሾቹን ቅጂልን አላልንም" አለች። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሌላ ሰው እንዲሄድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ከሳቁ በኋላ ግን እንዴት ተደርጎ?

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ቀዳሁ። ከየት እንደቀዳሁ ግን... እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ከጠዋቱ አንድ ተኩል ወጣሁ። ቡናማ ጃንጥላዬን ለውሻ ብዬ ያዝኩ። ከቀለም ቤቱ ጎን ያለው ቀጭን መንገድ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ገመዱ ላይ የተነከሩ ጨርቆች ተሰጥተዋል፤ ሁሉም ሰማያዊ። ከሥራቸው ሁለት ውሾች ተኝተዋል። አንዱ ተነሥቶ ጮኸ። ሌላው ሳይጮኽ ዝም ብሎ ወደ እኔ መጣ። የባሰው እሱ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ለመሄድ እግሬን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ ተመለስኩ።

ማስረከቢያው ሦስት ሰዓት ነው። ባዶ ጠርሙስ ይዤ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልቁም? እንደገና ይሳቅብኝ? ቤት ገባሁ። እማዬ ተኝታ ነበር። የኩሽናውን ቧንቧ ከፍቼ ሞላሁት። በጣም ጠራብኝ። ከበረንዳው የአበባ ጣሳ አንድ ቁንጥር አፈር ጨምሬ ነቀነቅኩት፤ ወንዝ መሰለ። "14፣ ከጠዋቱ 2፡20፣ ከቀለም ቤቱ ጀርባ" ብዬ ፈረምኩ።

አስተባባሪዋ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። "ጎበዝ፣ ጀግናዬ" አለችና ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ማንን ጎዳሁ? የቧንቧ ውሃ ነው፤ ንጹሕ ነው ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ውጤቱ ተለጠፈ። አብዛኛው ቢጫ ነው። ቀይ አንድ ብቻ።

አሥራ አራት። "የሰገራ ባክቴሪያ፦ እጅግ ከፍተኛ።"

አስተባባሪዋ አደባባይ መሀል አቀፈችኝ። "ዘመቻው ባንቺ ጠርሙስ ነው ነፍስ የዘራው" አለች። ሰዎች አጨበጨቡ። የማላውቃቸው ሴትዮ እጄን ጨበጡኝ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከዚያው ቧንቧ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። እማዬ ኪኒኗን በእሱ ነው የምትውጠው።

አፈሩ ነው። አፈሩ ይሆናል... አፈሩ መሆን አለበት።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ላብራቶሪው ደወልኩ። ለሪፖርት ነው ብዬ ዋሸሁ። ባለሙያው ትዕግሥተኛ ሰው ነው።

"የአበባ አፈር ቢገባበትስ?"

"አፈር እንዲህ አያደርገውም፣ እህቴ። ይሄ ከሽንት ቤት የመጣ ነው።"

"ቢፈላስ?"

"በደንብ ከተንተከተከ ይሞታል። ግን ወንዝ አፍልቶ የሚጠጣ ማን አለ?" ብሎ ሳቀ።

ከሥራ እንደገባሁ ትልቁን ድስት ጣድኩ። እማዬ ምን ልትሠሪ ነው አለች። ውሃ ላፈላ። ለምን? ሐኪም ብሎ። "የትኛው ሐኪም?" ድስቱን ከደንኩ። ዐይኗ ግን ከጀርባዬ አልተነሣም።

ሕንፃችን አሥራ ሁለት ቤት ነው። ማጠራቀሚያው አንድ፣ ከግቢው መሬት ሥር። ሁላችንም ከእሱ ነው። እኔና እማዬ ከዛሬ ጀምሮ እናፈላለን... ሌሎቹስ? ምድር ቤት ያለችው እመጫትስ? ልጇ ገና ሁለት ወሩ ነው። ጡቷ አልበቃው ብሎ የዱቄት ወተት በጡጦ ትጨምርለታለች። በምን ውሃ ነው የምትበጠብጠው?

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬም ወንዝ አልወረድኩም። ዛሬ ግን በውሻ አላመካኝም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው። ጠርሙሱን በፈላ ውሃ አለቅልቄ፣ አፈር የሚባል ሳልጨምር፣ ከቧንቧው በቀጥታ ሞላሁት። ንጹሕ ከሆነ ባለሙያው ተሳስቷል፣ ጥፋቱ የአፈሩ ነው፣ ማንም ሳይሰማ ያልፋል። ቀይ ከሆነ... አላሰብኩበትም። አስቤበታለሁ፣ መጻፍ ነው የፈራሁት።

"ዛሬ ደግሞ ጠርቷል" አለች አስተባባሪዋ። "ጠዋት ጠዋት ይጠራል" አልኳት። ሳላስብ ነው የወጣው። ውሸት ለካ እንዲህ ቶሎ ይለመዳል።

ስመለስ እመጫቷ ግቢው ቧንቧ ጋ ነበረች። "እህቴ፣ እስኪ አንዴ ያዢልኝ" ብላ ልጁን ሰጠችኝና ጡጦ ታጥብ ጀመር። ልጁ ጣቴን ጨብጦ አልለቅም አለ።

"ወተቱን በፈላ ውሃ ነው አይደል የምትበጠብጪለት?"

"ለብ ባለ ነው። የፈላማ ያቃጥልብኛል።"

"አፍልተሽ አቀዝቅዢዋ።"

"አይ እህቴ፣ እሱ ሲያለቅስ ማን ድስት ጥዶ ይጠብቃል?" ብላ ሳቀች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ለምን ብትለኝስ? ከየት አወቅሽ ብትለኝስ? ልጇን መልሼላት ወጣሁ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን አተምኩ። "ለጤናዎ ሲባል የቧንቧውን ውሃ አፍልተው ይጠጡ።" ስም የለው፣ ማኅተም የለው። ሮጬ መጥቼ የሕንፃችን ደረጃ መግቢያ ላይ ለጠፍኩት። ተመልሼ ሥራ ገባሁ። ቀለል አለኝ። ተናገርኩ አይደል? የሚያነብ ያንብብ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስመጣ ግድግዳው ባዶ ነው። ዘበኛው አጣጥፎ ኪሱ ከቶታል። "ስም የሌለው ወረቀት ወሬ ነው" አለኝ። "የታሸገ ውሃ ነጋዴዎች ናቸው የለጠፉት።" ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሹፌር ደግሞ "አፍልታችሁ ጠጡ ካሉ ሻይ ቅጠሉንም ይላኩልና" ብሎ ደረጃውን ሙሉ አሳቀው። እኔም ሳቅኩ። ከሰው ጋር ሆኜ በራሴ ላይ ስስቅ ይኸው ሁለተኛዬ።

እስቲ ልየው ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩት፤ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። እማዬ መነጽሯን አደረገች። ያየችው ጽሑፉን አይደለም፤ ጠርዙን ነው። በጣቷ ጥቁሩን መስመር ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። "ይቺማ የቤታችን መስመር ናት" አለች።

አጣጥፋ ከምትጽፍባቸው ወረቀቶች ጋር አስቀመጠችው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ቀይ። ከመጀመሪያው የባሰ።

አፈሩ አልነበረም።

አለቃዬ ጠሩኝና ደብዳቤ አጻፉኝ። "በተደጋጋሚ በተደረገ ሕዝባዊ ምርመራ የቀለም መንከሪያ ቤትዎ ወንዙን በሰገራ መበከሉ ስለተረጋገጠ ከነገ ጀምሮ የሚታሸግ መሆኑን እናሳውቃለን።" በገዛ እጄ። "ስለተረጋገጠ" ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንድ ቀይ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር የሚጻፍላቸው፤ አለቃዬ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ያሳሸገው ሁለተኛው ነው። እኔ ለማወቅ ብዬ የሞላሁት።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ቀለም ነካሪው ቢሮ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ። አለቃዬ ፊት ቆሙ።

"ጌታዬ፣ ቀለም ደፋህ በሉኝ። እሺ፣ ደፍቻለሁ። ሰገራ ግን? ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ፤ ወንዝ የሚያህል ለመበከል በቀን ስንት ጊዜ ልቀመጥ?"

የቢሮው ሰዎች አፋቸውን ያዙ። እሳቸው አልሳቁም።

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዛችሁት። ውሾቼ ሰው ሲመጣ ይጮኻሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጮኹ፤ ብወጣ አንዲት ሴት ቡናማ ጃንጥላ ይዛ ወደ ላይ ትመለሳለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጭራሽ አልጮኹም። ታዲያ ማን ቀዳ? ከየት ቀዳ?"

"ጠርሙሱ አይዋሽም፣ አባቴ" አሉ አለቃዬ።

ጃንጥላዬ ከጠረጴዛዬ ጎን ቆሟል። በእግሬ ገፍቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። "ደህና ዋይ፣ ልጄ" አሉኝ። አወቁኝ? አላወቁኝም... ደግነታቸው ነው። ከስድብ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሙሉ ቀን የቧንቧውን ጠብታ ስሰማ ዋልኩ።

የካቲት 23፣ እሁድ

ሕፃኑ ሆስፒታል ገባ። ትውከትና ተቅማጥ። አባቱ በብርድ ልብስ ጠቅልሎት ሲሮጥ እማዬ በመስኮት አየችው።

ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "ውሃው ነው አይደል?" አዎ አልኩ። ውሾቹን፣ አፈሩን፣ ሁለቱን ጠርሙስ፣ ደብዳቤውን... አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል" አለች። "አንቺ የደበቅሽው ግን የሰው በሽታ ነው።"

"ከሥራ ቢያባርሩኝስ? ጎረቤቱ ሁሉ ቢጠላኝስ?"

"ይጥላሽ። እኔን እያፈላሽ ስታጠጪኝ..." አልጨረሰችውም። ዱላዋን አነሣች። "ነይ ደግፊኝ። ደረጃው ያደክመኛል።"

መጀመሪያ ለሕፃኑ አባት ደወልኩ። ውሃው ነው፣ ለሐኪሞቹ ንገራቸው አልኩት። አንቺ በምን አወቅሽ? ነገርኩት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ከላይኛው ፎቅ ጀመርን። በየበሩ አንድ ዐይነት ቃል፦ "ውሃችን የሽንት ቤት ነገር ገብቶበታል፣ እንዳትጠጡት። ያወቅሁት ከወንዝ ቀዳሁ ብዬ ከኩሽናዬ ስለቀዳሁ ነው። ወረቀቱንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ።" በመጀመሪያው በር ወደ ኋላ ስል እማዬ ቁርጭምጭሚቴን በዱላዋ ነካ አደረገችኝ። ሹፌሩ አልቀለደም። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?" አለኝ። "አሥር ቀን።" ልጆቹን ዞር ብሎ አያቸውና በሩን ዘጋው።

የመጨረሻው በር የእመጫቷ ነበር። ማንም የለም። ጡጦው መስኮቱ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

አለቃዬ ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት "ሌላ ማን ያውቃል?" ነው። ሁሉም ያውቃል አልኩ። ተቀመጡ።

አስተባባሪዋ መጣች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። "አርባ ሰው ነበር" አለች። "አሁን ሠላሳ ዘጠኙን ማን ያምናቸዋል? እነሱ እኮ ጭቃ ውስጥ ገብተው ነው የቀዱት።" ይሄን አስቤው አላውቅም። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጃንጥላዬ ሳይቀር ፈርቻለሁ። ስለ እነሱ ግን አንድ ቀን አልፈራሁም።

"በስምሽ ጻፊው" አለችኝ። "ቀዩ የተለጠፈበት ቦታ ይለጠፋል።" ጻፍኩ። ቀለም ቤቱ እንዲከፈትም ጻፍኩ። ለራሴ የተሰጠውን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ያተምኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ጸሐፊ የለማ። ሦስቱም ጠርዛቸው ላይ ጥቁር መስመር አለ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ማጠራቀሚያው ተከፈተ። አጠገቡ የሚያልፈው የፍሳሽ ቱቦ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። ስንት ወር እንደቆየ ማንም አያውቅም። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ፣ ወደ ግድግዳው ሄዶ ወረቀቴ የነበረበትን ቦታ ዳበሰው።

ውሃ በቦቴ ይመጣልናል። ሰልፉ ላይ ከእኔ ኋላ የሚቆመው ሰው ሁለት እርምጃ ይርቃል።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሕፃኑ ተመለሰ። ከስቷል። እናቱ ደረጃው ሥር ሰላም ሳትለኝ አለፈች። እንኳን ለቤቱ አበቃው ልላት ነበር... ምን ብዬ?

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

አስተባባሪዋ ጠርሙሱን መለሰችልኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኋትም። ቅጹ አሁን አንድ መስመር ጨምሯል፦ "የምስክር ፊርማ"። የመጣው በእኔ ነው። ለእኔ ማን ይመሰክራል?

ቀለም ቤቱ በር ላይ ጃንጥላዬን ይዤ ቆምኩ። ውሾቹ ጮኹ። ሽማግሌው ወጡ። ጃንጥላውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ውሻ ፈርተሽ ነው ቤቴን ያሸግሽው?"

"አዎ።"

ወደ ውሾቹ ዞር አሉ። "ጥርስ እንኳ የላቸውም እኮ" አሉ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። ግን ጎንበስ ብለው ሁለቱንም በአንገታቸው ያዙልኝ። በአጠገባቸው አልፌ ወረድኩ። ጭቃው ጫማዬን ዋጠው። ቀዳሁ። ውሃው ሰማያዊ ነው።

ቅጹ ላይ "የውሃው መልክ" የሚል አለ። ብዕሬን ይዤ ቆምኩ። አንዴ አሳሽጌባቸዋለሁ፤ ደግሞ ልጻፍባቸው?

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ ከላይ ሆነው። "ሰማያዊ ነው ብለሽ ጻፊ። የእኔ የሆነውን እቀበላለሁ።" ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብለው በሰማያዊ ጣታቸው ብዕሩን ጨብጠው ፈረሙ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ማጠራቀሚያው ተጠግኖ፣ ታጥቦ፣ ዛሬ ተሞላ። የምርመራው ወረቀት ግቢው በር ላይ ተለጥፏል። አረንጓዴ፣ ባለ ማኅተም። ሰዉ ሁሉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ዘበኛው ቧንቧውን ከፈተው። ውሃው ይፈሳል፣ ሁሉም ያየዋል፣ የሚጠጋ የለም።

እመጫቷ ወጣች። በአንድ እጇ ልጇን ታቅፋለች፣ በሌላው ብርጭቆ ይዛለች። እስከ አፉ ሞላችውና ወደ እኔ ዘረጋችው። ከዚያ እሁድ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"ጠጪ።"

ወረቀቱ ንጹሕ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ... ብርጭቆውን ስቀበል ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሕፃኑ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። እማዬ ከላይ በመስኮት አንገቷን አውጥታለች። ጠጣሁት፣ አንጠፍጥፌ።

ባዶውን ተቀበለችኝ። "ነገም እወጣለሁ" አለች። "ነገም ትጠጪያለሽ። ከነገ ወዲያም።"

"እሺ።"

"እኔ ይበቃል እስክልሽ።"

"እሺ።"

ጀሪካን ግን አልሞላችም። ማንም አልሞላም። ቦቴው ጋ ተሰለፉ።

አሁን እማዬ አጠገብ ተቀምጬ ሆዴን አዳምጣለሁ። ትንሽ ጮኸ መሰለኝ... ፈርቻለሁ። ነገ ጠዋት ሳትጠራኝ እወርዳለሁ፣ ብርጭቆውን ከእኔ ቤት ይዤ።